የሮጠችው ሦስት ሺህ፣ የራቀችው ዜሮ



ሰሞኑን አልቢ ባቡር ጣቢያ አንዲት እህት አግኝታኝ፣ «ልጄ የፊዚክስ የቤት ሥራ ይዞ መጣና ‹ፋርት› እና ‹ሃስቲግሄት› ልዩነታቸው ምንድን ነው አለኝ። ሁለቱም ፍጥነት አይደሉም እንዴ ብለው፣ ‹ተይው እማዬ፣ አንቺ አታውቂውም› ብሎኝ ክፍሉ ገባ» አለችኝ። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት። ነገሩ ከነከነኝ። እስቲ በራሳችን ቋንቋ እንሞክረው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 6 ቀን 2014 ገንዘቤ ዲባባ እዚሁ ስቶክሆልም፣ ብዙዎቻችን ግሎበን በምንለው አዳራሽ፣ 3000 ሜትርን በ8 ደቂቃ ከ16.60 ሴኮንድ ሮጣ የዓለም የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን ሰበረች። የመሮጫው አንድ ዙር 200 ሜትር ስለሆነ 15 ጊዜ ዞራለች።

የሮጠችው መንገድ 3000 ሜትር ነው። ከተነሳችበት መስመር ግን ምን ያህል ርቃ ጨረሰች? ዜሮ! እዚያው መስመር ላይ ነዋ። የመጀመሪያው የተጓዘችው ርቀት ነው፤ ሁለተኛው የቦታ ለውጧ።

3000ን ለ496.6 ሴኮንድ ስናካፍል በሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ይመጣል፤ በሰዓት ወደ 22 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይህ ፋርት ነው። ስንት እንጂ ወዴት አይልም። ሃስቲግሄት ግን አቅጣጫም ይጠይቃል፤ ለጊዜው የሚካፈለውም የቦታ ለውጡ ነው። ስለዚህ የገንዘቤ አማካይ ሃስቲግሄት ዜሮ ሆነ፤ ዞራ ስለተመለሰች እንጂ ሰንፋ አይደለም!

ሦስተኛው ‹አክሰለራሹን› ነው፤ የሃስቲግሄት ለውጥ ለጊዜው ሲካፈል ማለት ነው። ባቡሩ ከአልቢ ተነስቶ ወደ ፊትያ ሲፈጥን ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ያንገዳግደናል። ኩርባ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ባይጨምርም ባይቀንስም አቅጣጫው ስለሚለወጥ ወደ ጎን ያዘነብለናል። ቀጥ ባለ ሐዲድ ላይ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ሲሄድ ግን የቆምን እስኪመስለን ጸጥ ይላል።

ወላጆች፣ ስዊድንኛው ስላጠረን እውቀቱም ያጠረን አይምሰለን። ልጃችሁን ባቡር ላይ፣ «አሁን ምናችን ተለወጠ? ፍጥነታችን ወይስ አቅጣጫችን?» ብላችሁ ጠይቁት። ቃሉን እሱ ያስተምራችሁ፤ ነገሩን እናንተ አሳዩት።

ለዛሬ በዚሁ ላብቃ። ሰላም ያገናኘን!