ዱቡሻ የሌለው ሠራተኛ

የጋሞ ሕዝብ የጋራ ጉዳዩን ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ይመክራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው አርባ ምንጭ ላይ በተቆጣ ወጣት ፊት ሲንበረከኩና ደም መፋሰስን ሲያስቀሩ፣ አገሩ ሁሉ ይህን የምክክር ባህል አደነቀ። በዚያችው ከተማ የሚያገለግለው የመንግሥት ሠራተኛ ግን ስለ እንጀራው የሚመክርበት ዱቡሻ የለውም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀድሞው ደቡብ ክልል ፈርሶ ጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲታቀፍ፣ የክልሉ ሠራተኛ ከሐዋሳ ወደ አዳዲስ መቀመጫዎች ተደለደለ። በዚያ ሰሞን በበርካታ የደቡብ አካባቢዎች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ለወራት ዘገየ። ሠራተኛው በተናጠል አቤት አለ፤ በስሙ የሚደራደርለት ማኅበር ግን አልነበረም።

ነገሩ የደቡብ ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ፣ እንጦጦ ላይ የሚከታተሏት ወጣት ባለሙያዎች የአገር ኩራት ተባሉ። ብዙም ሳይቆይ መሥሪያ ቤታቸው ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር እንዲዋሃድ ተወሰነ። ውህደቱ ይበጃል ወይስ አይበጅም የሚለው የዛሬ ክርክሬ አይደለም። ጥያቄዬ፣ ያ ሲወሰን በሠራተኛው ስም ከጠረጴዛው ማዶ መቀመጥ የሚችል ማን ነበር? የሚል ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራቸው ጠባይ የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች እንዲደራጁ ፈቅዶ፣ ዝርዝሩን ለሕግ ተወ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ከወሰኑ ውጭ አድርጓል። የመደራጀት ነፃነትን የሚደነግገውን 87ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ያጸደቅነው ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ነው!

በአሜሪካ የናሳ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ማኅበር አላቸው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ የመደራደር መብታቸውን በትእዛዝ ሲያነሡ፣ ማኅበራቸው በአደባባይ ተቃወመ። እነርሱ የተነጠቁት መብት ነበራቸው፤ የእኛዎቹ የሚነጠቁት እንኳ የላቸውም።

«የመንግሥት ሠራተኛ ከተደራጀ አገልግሎት ይቆማል» የሚሉ ይኖራሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ የሚደራደርላቸው የሠራተኛ ማኅበር ነበራቸውን? አልነበራቸውም። ሥራ መቆሙ ግን አልቀረም፤ እስርም ተከተለ። ማኅበር በመከልከሉ የቀረው የሥራ ማቆም አድማ ሳይሆን ድርድሩ ነው።

ስለዚህ ምክር ቤቱ አንቀጽ 42 ያዘዘውን ይፈጽም። ማን መደራጀት እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል በሕግ ይለይ፤ የሕይወት አድን አገልግሎት በአድማ ጊዜ እንዴት እንደሚቀጥልም ይደንግግ። የዶርዜ ሸማኔ አገር «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ማስረዳት አያሻውም። ሠራተኛው ግን አንበሳ ልሰር አላለም፤ ድሩን እንዲያብር ብቻ ይፈቀድለት።