ያነጣጠረ ሞገድና ያላነጣጠረ ሞገድ፦ አልትራሳውንድ ለስትሮክ ሕክምና የሚጠይቀን ጥያቄ

አብዛኛው ስትሮክ የሚከሰተው ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ቅዳ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው። ትልቅ ደም ቅዳ ተዘግቶ ሕክምና ካልተገኘ በየደቂቃው በአማካይ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ይገመታል። ቲፒኤ የተባለው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት በ4.5 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ብዙዎችን ከአካል ጉዳት ያተርፋል፤ ትልልቆቹን ሥሮች ግን ብዙ ጊዜ ሳይከፍት ይቀራል። አልትራሳውንድን ለሕክምና የማዋል ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ክፍተት ነው። ሞገዱ በረጋው ደም ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያናውጥ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ይበልጥ እንዲዘልቅ ይረዳል ተብሎ ይታሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የክሎትበስት ጥናት ተስፋውን አጠናከረ። 126 ሕሙማን ሁሉም ቲፒኤ ሲወስዱ ግማሾቹ በተጨማሪ ለሁለት ሰዓት የ2 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ተሰጣቸው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተላቸው ወይም ፈጣን መሻሻል ያሳዩት 49 በመቶ ሲሆኑ፣ ሞገዱን ባላገኙት ዘንድ ቁጥሩ 30 በመቶ ነበር። በ2005 የታተመው የትረምቢ ጥናት ግን 300 ኪሎ ኸርዝ በሆነ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሲሞክር የአንጎል ደም መፍሰስ በመብዛቱ ተቋረጠ። በ2019 የታተመው ክሎትበስት-ኢአር ደግሞ 676 ሕሙማንን አካትቶ ጥቅም ባለመታየቱ ከፍጻሜው በፊት ቆመ።

ከዚህ በመነሣት ጉዳዩ አብቅቷል ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ችኮላ ነው። በመጀመሪያው ጥናት የሠለጠነ ባለሙያ የተዘጋውን ሥር ፈልጎ ሞገዱን በዚያው ላይ አነጣጥሯል። በመጨረሻው ግን በራስ ላይ የሚጠለቅ መሣሪያ ያለ ባለሙያ እጅ ሞገዱን ወደ ሰፊ አካባቢ ልኳል፤ ትልቅ ሥር መዘጋቱም በምስል እንዲረጋገጥ አስቀድሞ አልተጠየቀም። ስለዚህ የከሸፈው ያላነጣጠረው ሞገድ ነው፤ ያነጣጠረው በስፋት ገና አልተፈተነም። በአንጻሩ የ2004ቱ ጥናት አነስተኛ እንደነበርና በሦስት ወር የታየው የሕሙማን ልዩነት በስታቲስቲክስ ጉልህ እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። ከ2015 ወዲህም የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ስቦ ማውጣት ጠቃሚነቱ በመረጋገጡ የማነጻጸሪያው መለኪያ ከፍ ብሏል።

ይሁንና በሀገራችን ሁኔታ ከችኮላው ይልቅ የሚያሰጋኝ ተቃራኒው ስሕተት ነው። «ቱቦ ማስገቢያው ውድ ነው፤ አልትራሳውንድ ግን በየሆስፒታሉ አለ፤ እሱን ለምን አንጠቀምም?» የሚለው አስተሳሰብ ማራኪ ነው። ነገር ግን ከላይ በጠቀስኳቸው ጥናቶች ሞገዱ የመድኃኒቱ አጋዥ እንጂ ምትክ አልነበረም። መድኃኒቱም በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱ ሳይረጋገጥ አይሰጥም። የእርግዝና መከታተያው መሣሪያም ለዚህ ሥራ የተሠራ አይደለም፤ የትረምቢ ውጤት እንዳሳየው ድግግሞሹን ሳያውቁ መሞከር ለአደጋ ያጋልጣል። ሕመምተኛው በሰዓቱ ካልደረሰ፣ ሲቲ ስካንና መድኃኒት ከሌለ፣ አልትራሳውንዱ የሚያግዘው ነገር የለም።

ታዲያ የእኛ ድርሻ ምንድን ነው? ሞገዱ ወደ አንጎል የሚገባው ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለው ስስ አጥንት በኩል ነው። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ በአረጋውያንና በሴቶች፣ አጥንቱ ሞገዱን በበቂ ሁኔታ አያሳልፍም፤ መጠኑም ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በእኛ ሕሙማን ላይ ይህንን በጥንቃቄ መለካት ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚመጥን፣ ሕመምተኛን ለአደጋ የማያጋልጥ ሥራ ነው። ልኬቱ ሳይኖረን የሕክምና ሙከራ ብንጀምር ሞገዱ ለማን እንደደረሰ እንኳ ሳናውቅ ውጤት ልናውጅ እንችላለን። ክሎትበስት-ኢአር ያስተማረን ከማከም በፊት ማነጣጠርን ነው፤ ለማነጣጠር ደግሞ መስኮቱ የት እንዳለና ለማን ክፍት እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።