ጆሮም ይመርመር፣ ውጤቱም ይነገር

በገጠር ልማት ሥራ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የሚነገረው ቃል ነው። በመስመር የመዝራት ስልት፣ የማዳበሪያ መጠን፣ የፀረ አረም መድኃኒት አለካክ፣ የከብት ክትባት ቀን፣ ይህ ሁሉ ለአርሶ አደሩ የሚደርሰው በአብዛኛው በጽሑፍ ሳይሆን በአፍ ነው። ተናጋሪው በሚገባ መናገሩን ስናጣራ ኖረናል። አድማጩ በእርግጥ መስማቱን ግን የጠየቅንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተረዳው ከራሱ ስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ በማሳ ዳር በተደረገ ሠርቶ ማሳያ ላይ፣ በአንድ የጀርባ መርጫ ውኃ ውስጥ የሚገባው የፀረ አረም መድኃኒት ሠላሳ ሚሊ ሊትር መሆኑን አስረዳ። ከሁሉም ኋላ የቆሙ አንድ በዕድሜ የገፉ አርሶ አደር ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከታተሉ። «ገባዎት ወይ አባባ?» ሲባሉም «አዎን ልጄ» አሉ። ወደ ማሳቸው ሄደው የለኩት ግን ስልሳ ነበር። ስንዴው ቢጫ ሆነ፤ የዚያም ዓመት ምርታቸው ተጎዳ። በመዝገቡ ላይ በስማቸው አንጻር የሰፈረው አስተያየት «ምክር የማይቀበሉ» የሚል ነበር።

እኚህ አባት ምክር የማይቀበሉ አልነበሩም። አርሶ አደርነትን ከመያዛቸው በፊት 20 ዓመት ያህል በእህል ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ጆሯቸው መድከሙ የታወቀው ከወራት በኋላ ልጃቸው ወደ ሆስፒታል ወስዶ ሲያስመረምራቸው ነው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ከምርመራው ይዘውት የተመለሱት ወረቀት፣ በቁጥር የተከበበ ሰንጠረዥና ሁለት ወደ ታች የሚወርዱ መስመሮች ያሉበት፣ በሣጥን ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ትርጉሙን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ከተነገራቸው ሁሉ «ሃምሳ» የሚለው ቁጥር ብቻ በአእምሯቸው ቀረ። እርሳቸውም «ጆሮዬ ግማሹ ሞቷል፤ የሞተ ነገር አይነሣም» ብለው ደመደሙና ለቀጠሯቸው ሳይመለሱ ቀሩ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የጆሮ ምርመራ ለገጠሩ ነዋሪ የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውጤቱ በሚገባው ቋንቋ ካልተነገረው ምርመራው ከግማሽ መንገድ የማያልፍ መሆኑ ነው።

የጆሮ ድካም እንደ ቁስል አይታይም፤ እንደ ስብራትም አያሳምምም። ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑ ከባለቤቱ አስቀድሞ የሚያውቁት ሚስት፣ ልጅና ጎረቤት ናቸው። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ማለታቸው ለሌላ ነገር ቢሆንም ለዚህም ይሠራል። ሰውዬው «ሰዎች ያጉተመትማሉ» ይላል እንጂ «እኔ አልሰማሁም» አይልም። ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል፤ ከዕድርና ከስብሰባ ይርቃል፤ ወይም ያልሰማውን እንደሰማ መስሎ ራሱን ይነቀንቃል። መንደሩም «ኩሩ ሆነ» ወይም «ዕድሜ ተጫነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕፃን ሲሆን ደግሞ «ሰነፍ» ወይም «እልኸኛ» ተብሎ በክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ይረሳል።

የጉዳዩ ስፋት ቀላል አለመሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 2021) ያወጣው ዘገባ ያመለክታል። በዘገባው መሠረት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ የሚሆን የዓለም ሕዝብ በተለያየ መጠን የመስማት ችግር ያለበት ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 430 ሚሊዮን ያህሉ እርዳታ የሚያስፈልገው ነው። በሕፃናት ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ከመቶ 60 ያህሉ ሊከለከል ከሚችል ምክንያት የሚመጣ መሆኑም በዚያው ተገልጿል።

ምርመራው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ፍርሃትን ያስወግዳል። በመጀመሪያ ባለሙያው ጆሮን በመብራት ያያል፤ የተጠራቀመ ኩክ፣ መግል ወይም የተቀደደ የጆሮ ታምቡር መኖሩን ያጣራል። ከዚህ በኋላ ተመርማሪው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ ይቀመጣል። ወፍራምም ቀጭንም ድምፅ ተራ በተራ፣ አንዳንዴም እጅግ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጆሮ ብቻ ይላክለታል። በሰማ ጊዜ ቁልፍ ይጫናል ወይም እጁን ያነሣል። ቀጥሎም ከጆሮ ኋላ ባለው አጥንት ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ድምፁ በአጥንት በኩል ይሞከራል። መርፌ የለም፤ ሕመምም የለም።

እዚህ ላይ መታወቅ የሚገባው ነገር ይህ ምርመራ እንጂ ፈተና አለመሆኑ ነው። የሚወድቅበትም የሚያልፍበትም የለም። ሐኪሙን ለማስደሰት ሲል ያልሰማውን ሰማሁ ብሎ ቁልፉን የሚጫን ሰው ራሱን ይጎዳል። እንዲሁም በወፍጮ ቤት ወይም በመውቂያ መኪና አጠገብ ውሎ በማግስቱ መመርመር ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ከምርመራው በፊት ያለውን ቀንና ሌሊት ከጩኸት ርቆ ማሳለፍ ይገባል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ባለሙያዎች ኦዲዮግራም የሚሉት ይህ ሰንጠረዥ በአግድም የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ የድምፁን ኃይል በዴሲቤል ያሳያል። በግራ በኩል ወፍራሙ ድምፅ፣ በቀኝ በኩል ቀጭኑ አለ። ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮ ምልክት ሲሆን፣ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት የግራ ጆሮ ነው። እያንዳንዱ ምልክት ያ ጆሮ ሊሰማው የቻለው እጅግ ቀስ ያለ ድምፅ የቱ ድረስ እንደሆነ ይናገራል። ምልክቱ ወደ ላይ ቢቀርብ ጆሮው ደኅና ነው፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ለመስማት የበለጠ ኃይል ያለው ድምፅ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ስለሆነም በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከመቶ የሚታሰብ አይደለም። 50 ማለት ግማሽ ጆሮ ጠፋ ማለት ሳይሆን፣ ድምፅ 50 ዴሲቤል ካልደረሰ አይሰማም ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በሚጠቀምበት አከፋፈል በተሻለው ጆሮ ከ20 በታች የሆነ ውጤት ጤናማ ነው፤ ከ20 እስከ 34 ቀላል፣ ከ35 እስከ 49 መካከለኛ፣ ከ50 እስከ 64 ከመካከለኛ የከፋ፣ ከ65 እስከ 79 ከባድ፣ ከ80 እስከ 94 እጅግ ከባድ፣ ከ95 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አለመስማት ተብሎ ይመደባል።

ይህን ይዘን ወደዚያ ሠርቶ ማሳያ ብንመለስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በዚህ መለኪያ በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ የወትሮ ንግግር በግምት ከ45 እስከ 50 ይደርሳል። ሜዳ ላይ ደግሞ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በአራት ሜትር ርቀት ለቆሙት ለእኚህ አባት፣ ጮክ ተብሎ ቢነገር እንኳ የሚደርሳቸው የቃሉ ቁርጥራጭ ነበር። ሠላሳና ስልሳ በደኅና ጆሮም የሚምታቱ ናቸው። ከፊት ረድፍ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ መጠኑም በመለኪያው ላይ በጣት ቢታያቸው ኖሮ፣ ስንዴያቸው ባልተጎዳ ነበር።

ከቁጥሩ ሌላ ማንም ተመርማሪ መጠየቅ ያለበት «ችግሩ ከየትኛው የጆሮ ክፍል ነው?» ብሎ ነው። በአጥንት በኩል የተላከው ድምፅ በደኅና ተሰምቶ በጆሮ በኩል የተላከው ካልተሰማ፣ እንቅፋቱ በውጭው ወይም በመካከለኛው ጆሮ ነው። ኩክ፣ መግልና የታምቡር መቀደድ ከዚህ ወገን ሲሆኑ፣ ብዙውን ጊዜ በሕክምና ይሻላሉ። በሁለቱም በኩል እኩል ካልተሰማ ግን ጉዳቱ በውስጠኛው ጆሮ ወይም በመስሚያው ነርቭ ላይ ነው። ይህኛው በጠብታ አይመለስም፤ ሆኖም የመስሚያ መሣሪያ ብዙውን ሰው ይረዳዋል። መሣሪያው ድምፅን ያጎላል እንጂ ጆሮን አዲስ አያደርግም፤ ለመልመድም ሳምንታት ይፈጃል። ይህ ሳይነገረው መሣሪያ የተሰጠው ሰው በሦስተኛው ቀን አውልቆ ያስቀምጠዋል።

የጩኸት ጉዳት ደግሞ የራሱ መታወቂያ አለው። መስመሩ በ4000 ኸርዝ አካባቢ እንደ ጉድጓድ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን እንደ ሰ፣ ፈና ሸ ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች መለየት ያቅተዋል። በዚህም ምክንያት «ይሰማኛል ግን አይገባኝም» ይላል። በወፍጮ ቤት፣ በትራክተርና በመውቂያ መኪና የሚሠሩ ወገኖቻችን ሁሉ በዚህ አደጋ ላይ ናቸው። በክንድ ርቀት ላለ ሰው ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር ግድ ከሆነ፣ ቦታው ለጆሮ አደገኛ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ከሥራ በኋላ ጆሮ ጭው ማለቱም ማስጠንቀቂያ ነው። ውስጠኛው ጆሮ አንድ ጊዜ ከተጎዳ ስለማይተካ፣ መፍትሔው የጆሮ መከላከያ ማድረግና በተራ እየተፈራረቁ መሥራት ነው።

በሕፃናት በኩል ትልቁ ጠላት ከጆሮ የሚፈስ መግል ነው። «ጥርስ ሲያበቅል ነው፣ ይተወዋል» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። መግሉ ከታየ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ሥር የሰደደ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ከጆሮ ኋላ የሚያም እብጠት ካለበት አንድ ቀን እንኳ ሳይታደር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ፣ በክብሪት እንጨት መጎርጎር ጉዳቱን ያባብሳል። ሽምብራ ወይም ባቄላ በጆሮው የገባበትን ልጅ ውኃ ማፍሰስ ፍሬውን ስለሚያሳብጠው ጨርሶ አይገባም። የማጅራት ገትር ሕመም የያዘው ሕፃን ሲድን፣ ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ ለጆሮ የሚያሰጋ መርፌ ለረጅም ጊዜ የተወጋ ሰው ሕክምናውን ሲጨርስ፣ ጆሮው መመርመር አለበት። በድንገት በአንድ ቀን ጆሮው የተዘጋበት ሰውም ቀናት ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ።

የመስሚያ መመርመሪያ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ይሁንና የመጀመሪያው ማጣሪያ መሣሪያ አይጠይቅም። ከሰውዬው ኋላ በክንድ ርቀት ቆሞ፣ አንዱን ጆሮ በጣት እያሹ፣ ቁጥርና ፊደል በሹክሹክታ እየተናገሩ ይደግም ዘንድ መጠየቅ በቂ ጥርጣሬ ይሰጣል። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቤት ለቤት ጉብኝት፣ መምህሩም በትምህርት ዓመቱ መግቢያ ሊያደርጉት ይችላሉ። የተጠረጠረው ሰው ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት ምርመራው በዚያ መኖሩ ቢጣራ፣ አርሶ አደሩ ለከንቱ መንገድ ጊዜና ገንዘብ አያባክንም።

ከሁሉም በላይ ግን ውጤቱ የተመርማሪው ንብረት መሆኑ ይታወቅ። የሚመረምሩ ሁሉ ወረቀቱን ከመስጠታቸው በፊት አራት ነገሮችን በቃል ይንገሩት፤ የትኛው ጆሮ እንደተጎዳ፣ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ መታከም ይችል እንደሆነና መቼ መመለስ እንዳለበት። ተመርማሪው መስማት የሚቸገር ሰው መሆኑን አይርሱ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ቀስ ብለው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ባለበት ያስረዱት። ወረቀቱንም አርሶ አደሩ በክብር ይጠብቀው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመረመር ጉዳቱ መጨመሩ ወይም መቆሙ የሚታወቀው ከእርሱ ጋር በማስተያየት ነውና።

የእኛም የግብርና ባለሙያዎች ድርሻ አለ። «ገባዎት ወይ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎን» ነው። በእርሱ ምትክ «እስቲ ስንት እንደሚለኩ ለእኔ ይንገሩኝ» ብንል፣ ያልሰማው ሳያፍር ይታወቃል። አዛውንቶችን ከፊት ማስቀመጥ፣ መጠንን በቃል ብቻ ሳይሆን በመለኪያው ላይ ማሳየት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

እኚያ አባት ኋላ በልጃቸው ምክር ወረቀታቸውን ይዘው ተመልሰው ሄደዋል፤ «ሃምሳ» ምን ማለት እንደሆነም ተነግሯቸዋል። ዛሬ በሠርቶ ማሳያ ላይ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ፤ ያልሰሙትንም «ድገምልኝ» ይላሉ። በመዝገቡ ላይ የነበረው «ምክር የማይቀበሉ» የሚለው ቃል ተሰርዟል። ይሁንና በየቀበሌው መዝገብ ላይ እንዲሁ በስሕተት የሰፈሩ ስሞች ስንት እንደሚሆኑ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንድንጠይቅ ያስፈልጋል። ሰውን አልሰማም ብሎ ከመኮነን በፊት ጆሮው ይመርመር፤ ከተመረመረም በኋላ ውጤቱ ይነገረው እንላለን።