ከብልቃጥ ወጥተን ወደ ሞጆ እንውረድ

የኬሚስትሪ መምህራንና ተማሪዎች፣ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ በሞጆ ወንዝ የምታለሙ ገበሬዎች፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው!

የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ ይጠለላል። ውሃው የብረት ጨው የሟሟበት ብርጭቆ ላይ ጠብ ሲል ቢጫው ወዲያው ይጠቁራል። የቅጠሉ ፖሊፊኖሎች ብረቱን በሜትር ቢሊዮንኛ ወደሚለኩ ናኖ ቅንጣቶች እየለወጡት ነው። በተለመደው መንገድ ይህን የሚሠራው ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ውድም አደገኛም ነው፤ ባሕር ዛፍ ግን በብዙ ቀበሌዎቻችን ይገኛል። ቅንጣቶቹ መርዛማውን ሄክሳቫለንት ክሮሚየም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ትራይቫለንት ይመልሱታል፤ የውሃው አሲድነት ሲቀንስም ክሮሚየሙ ይዘቅጣል።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለምን ሼልፍ ላይ ቀረ? ብዙው ምርምር የሚያክመው ራሱ የበጠበጠውን ውሃ ስለሆነ ነዋ! ንጹሕ ውሃ ላይ ሜቲሊን ብሉ የተባለ ቀለም ጠብ ይደረጋል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ መመረቂያ ጽሑፉ ይጠረዛል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ እንዲህ ጨዋ አይደለም። ኖራ፣ ጨው፣ ፀጉር ማንሻ ሰልፋይድ፣ ጮማና የቆዳ ቁርጥራጭ ተደባልቆበት ይወርዳል፤ ሽታውንማ ተዉት። ሞጆ ወንዝ ይህን ተሸክሞ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፣ ከቆቃ ደግሞ አዋሽ ይቀጥላል።

ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ወንዝ ዳር ወርደው ነው።

እኛም እንውረድ! ባለፋብሪካዎች፣ በር ክፈቱ፤ ለጊዜው የምንለምናችሁ አንድ በርሜል ፍሳሽና ለትንሽ ታንከር የሚበቃ ጥግ ነው። ይህ ግን መደበኛ ማጣሪያችሁን ለማቆም ሰበብ አይሆናችሁም። መምህራን፣ በእውነተኛ ፍሳሽ ተሞክሮ ያልሠራ ዘዴ የቀረበበትንም ጽሑፍ አሳልፉ። ተማሪዎች፣ ቀለም ጠፋ ብላችሁ አትመለሱ። ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም ትራይቫለንት ነው፣ ሁኔታው ሲመቸው ግን ወደ መርዛማው ይለወጣልና ሁለቱን ለየብቻ ለኩ። ዝቃጩ የት እንደሚጣል፣ ቅንጣቶቹስ ከውሃው እንዴት እንደሚለቀሙ ሳታሳዩ ሥራው አለቀ አትበሉ፤ ውሃው ውስጥ የቀረ ቅንጣት ራሱ ሌላ ብክለት ነው። ገበሬዎች፣ ናሙና ሲቀዳ ቁሙ፣ ውጤቱንም በምታነቡት ቋንቋ ጠይቁ።

በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ፍሳሹ ይወፍራል። ስለዚህ ክረምቱ እንዳለፈ፣ በጥቅምት፣ ጄሪካን ይዘን ሞጆ እንገናኝ!