ምስጢርነቱ ለማን ነው? ከሲግናል ግሩፕ እስከ ሰዕዳ ፍርስራሽ

መጋቢት 6 ቀን 2017፣ የ1446 ረመዷን አስራ አምስተኛው ዕለት ነበር። አዳማ ላይ የመግሪብ አዛን ተሰምቶ ጾመኛው ቴምሩን ቀምሶ ወደ ሾርባውና ሳምቡሳው በዞረበት ሰዓት፣ ከምሽቱ 12፡44 ላይ፣ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት በስልካቸው አንድ መልእክት ላኩ። መልእክቱ የጦር አውሮፕላኖች በስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ ድሮኖች መቼ እንደሚከተሉ፣ ከባሕር ላይ የሚተኮሱት ቶማሃውክ ሚሳኤሎች መቼ እንደሚወነጨፉ በደቂቃ ከፋፍሎ ይዘረዝራል። የመጀመሪያው ጥቃት የሚጀምርበት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡45 ነበር። የመንና ኢትዮጵያ ሰዓታቸው አንድ ነው። ተራዊሕ የሚሰገድበት ምሽት ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የተጻፈው ለጦር ሠራዊት በተዘጋጀ ጥብቅ መስመር አልነበረም። እኔም እርስዎም ከስልካችን ላይ በነጻ አውርደን በምንጠቀምበት ሲግናል በተባለ መተግበሪያ ላይ ነው። በግሩፑ ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት ጄዲ ቫንስ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ፣ የሲአይኤ ኃላፊው ጆን ራትክሊፍና ሌሎችም ሹማምንት ነበሩ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ማንም ያላስተዋለው አንድ ሰው ተቀምጧል፤ የዘ አትላንቲክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ጄፍሪ ጎልድበርግ። ጋዜጠኛውን ያስገቡት የፕሬዚዳንቱ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ማይክ ዋልትዝ ሲሆኑ፣ ዘ ጋርዲያን በኋላ እንደዘገበው የጎልድበርግ ቁጥር በዋልትዝ ስልክ ውስጥ በሌላ ባልደረባ ስም ተመዝግቦ ነበር። በእኛም ሰፈር የምናውቀው ስህተት ነው። ለአጎት የታሰበ መልእክት ለአስተማሪው ሲደርስ ስንቴ አይተናል። ልዩነቱ የእነሱ መልእክት ሰው የሚገድል መሆኑ ነው።

ጎልድበርግ መጋቢት 15 ታሪኩን ይፋ አደረገው። ባለሥልጣናቱ "ምስጢር አልተጻፈም" ብለው ሲክዱ ደግሞ መጋቢት 17 መልእክቶቹን እንዳሉ አተማቸው። ዓለም ለሳምንታት የተነጋገረው ስለ አብራሪዎቹ ደኅንነት፣ ስለ ጋዜጠኛው ስልክ ቁጥር፣ ዋልትዝ ከድብደባው በኋላ ስለላኩት የቡጢ፣ የባንዲራና የእሳት ምስል ነበር። ከዚያው ግሩፕ ውስጥ ግን ብዙ ሰው አንብቦ ያለፈው ሌላ ነገር አለ። ይፈለግ የነበረው የሁቲዎች የሚሳኤል ኃላፊ ወደ አንዲት ሴት መኖሪያ ሕንጻ ሲገባ መታየቱን፣ ሕንጻውም መደርመሱን ዋልትዝ ነገሯቸው። የቫንስ ምላሽ "እጅግ ጥሩ" የሚል ነበር። በሕንጻው ውስጥ ሌላ ማን እንደሚኖር የጠየቀ አንድም ሰው በታተመው ንግግር ውስጥ አይገኝም። በሰንዓ ያለው የሁቲዎች ጤና ሚኒስቴር በዚያ የጥቃት ማዕበል 53 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል።

እንግዲህ ለእኛ ወደሚቀርበው እንምጣ።

ከአዳማ ተነስቶ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የአገሪቱ የጭነት መንገድ ብቻ አይደለም። የአርሲ፣ የባሌ፣ የሐረርጌ፣ የጅማ፣ የወሎና የትግራይ ልጆች ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የሚሄዱት ወይ በዚሁ መስመር ወይም አጠገቡ ባሉት ነው። ከኦቦክ ጀልባ፣ ከጀልባ የመን፣ ከየመን እስከ ሳዑዲ ድንበር በእግር። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ይህን ምሥራቃዊ መስመር ይለዋል። ያ የሲግናል መልእክት ከመላኩ ከሳምንት በላይ ቀደም ብሎ እንኳ በየመንና በጅቡቲ ባሕር ላይ አራት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ180 በላይ ሰዎች የገቡበት ጠፍቷል። ከሻሸመኔ እስከ ባቱ፣ ከመቂ እስከ አዳማ፣ ልጁ በዚያ መንገድ የሄደበት ሰው በሰፈሩ የማያውቅ አንባቢ ያለን አይመስለንም።

ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ በሰሜን የመን ሰዕዳ ከተማ የሚገኝ የስደተኞች ማቆያ ተደበደበ። ማቆያው ውስጥ 115 አፍሪካውያን እንደነበሩ የሁቲ አስተዳደር ገልጿል፤ መጀመሪያ የተነገረው የሟች ቁጥር 68 ሲሆን በኋላ ወደ 61 ተስተካክሏል። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጥቃቱ በረመዷን አጋማሽ በዚያ ግሩፕ ውስጥ የተጀመረው ዘመቻ አካል ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሕይወት የተረፉ 15 ሰዎችን አነጋግሮ ጥቅምት 2018 ያወጣው ሪፖርት፣ ሁሉም ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም እድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ይዘው መቅረታቸውን ይገልጻል። ከፍርስራሹ የተገኘው ስብርባሪ የአሜሪካ ሠራዊት የሚጠቀምበት ጂቢዩ 39 የተባለ ቦምብ መሆኑን ለይቷል። ጥቃቱም በጦር ወንጀልነት እንዲመረመር ጠይቋል። ቦታው ደግሞ የማይታወቅ አልነበረም። ይኸው ግቢ ጥር 2014 ላይ በሳዑዲ መራሹ ጥምር ኃይል ተደብድቦ በርካታ ሰው አልቆበታል። ማቆያ ቤት መሆኑን ዓለም ያወቀው ያኔ ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልን። ከሰዕዳው ጥቃት አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 19፣ የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ መግለጫ አውጥቶ ነበር። ከ800 በላይ ዒላማዎችን መምታቱን ተናገረ፤ ስለ ዘመቻው ዝርዝር ግን ሆን ብሎ እንደማይናገር፣ ምክንያቱም የዘመቻውን ምስጢር ለመጠበቅ እንደሆነ አከለ።

የምንለው ይህንን ነው። የአውሮፕላን መነሻ ሰዓት በግል ስልክ ሲበተን ምስጢርነቱን ያስታወሰ አልነበረም። ኒውዮርክ ታይምስ ሚያዝያ ላይ እንደዘገበው ሄግሴት የዚያኑ ቀን መረጃ ሚስታቸው፣ ወንድማቸውና የግል ጠበቃቸው ላሉበት ሌላ የሲግናል ግሩፕም አጋርተዋል። ሚስት የምታውቀውን፣ የአርሲ እናት ልጇ በምን እንደሞተ ስትጠይቅ "የዘመቻ ምስጢር ነው" ትባላለች። ምስጢሩ ከላይ ላሉት የተከፈተ፣ ከታች ላሉት የተዘጋ ሆኗል።

ሌላው ደግሞ መጥፋቱ ነው። ዋልትዝ የግሩፑን መልእክቶች አንዳንዶቹ በሳምንት፣ ሌሎቹ በአራት ሳምንት ራሳቸውን እንዲያጠፉ አድርገው ነበር። የአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ውሳኔ መዝገብ ተጠብቆ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ በዚህም ክስ ቀርቦ ፍርድ ቤት መልእክቶቹ እንዳይጠፉ አዟል። ኅዳር 25 ቀን 2018 የወጣው የፔንታጎን ዋና ኢንስፔክተር ሪፖርት ሄግሴት የመሥሪያ ቤታቸውን መመሪያ መጣሳቸውንና ሠራዊቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችል ተግባር መፈጸማቸውን አረጋግጧል። ምስጢርነቱን የማንሳት ሥልጣን እንዳላቸውም ገልጿል፤ ይህም ለእሳቸው መከላከያ ሆኗል። ከሪፖርቱ ውስጥ እኛን ያስገረመን ግን ኢንስፔክተሩ የንግግሩን ሙሉ ቅጂ ከመንግሥት ማግኘት አለመቻሉ ነው። የተደገፈው መጽሔቱ ባተመው ላይ ነው። ጋዜጠኛው በስህተት ባይገባ ኖሮ ያ ምሽት ዛሬ ምንም ማስረጃ አይኖረውም ነበር። ዋልትዝ ሚያዝያ 23 ከቦታቸው ተነሱ፤ ወዲያው ለተባበሩት መንግሥታት አምባሳደርነት ታጩ። ይህ ቅጣት ከተባለ እንግዲህ...

"የአሜሪካ ገመና ለእኛ ምናችን ነው?" የሚል ይኖራል። ይህ ዓይነቱ የምስጢር አያያዝ ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንግዳ አይደለም።

ሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ሲታሰሩ ከቤተሰብና ከጠበቃ እንኳ የተሸሸገው ምርመራ፣ ጥር 2005 ላይ "ጂሃዳዊ ሐረካት" በሚል ፊልም በመንግሥት ቴሌቪዥን ለመላው አገር ታየ። ፍርድ ቤት ጉዳዩን ገና እያየ ነበር። ሐምሌ 2006 የዞን ዘጠኝ ጦማሪያን በሽብር ሲከሰሱ፣ መልእክትን በምስጢር ኮድ መጠበቅ መሠልጠናቸው በክሱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ክሱ በኋላ ከፊሉ ተቋረጠ፣ ከፊሉም በነጻ ተሰናበተ። ዜጋ ስልኩን ሲቆልፍ ወንጀል፣ ሹም ሲቆልፍ ጥንቃቄ።

ሹሙስ በትክክል ይቆልፋል? ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ኅዳር 2010 ያወጣው ጥናት መልስ አለው። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ያ ሁሉ ሕዝብ ካለቀ በኋላ፣ በውጭ የሚኖሩ የኦሮሞ ጋዜጠኞችና አክቲቪስቶች በኢሜይል የስለላ ሶፍትዌር ይላክላቸው ጀመር። ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተገዛ ነበር። አጥኚዎቹ የተሰላዮቹን ዝርዝር ያገኙት በሰበራ አይደለም። ሰላዮቹ መዝገባቸውን በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት አድርገው ትተውት ነበር፤ በ20 አገሮች የሚገኙ ተጠቂዎች የታወቁት ከዚያ ነው። በውድ የተገዛ መሣሪያ፣ ያልተዘጋ በር።

ኅዳር 2014፣ ጦርነቱ በበረታበት ወቅት፣ የአስቸኳይ ጊዜ ዕዙ ስለ ወታደራዊ እንቅስቃሴና ስለ ግንባር ውሎ በማንኛውም መንገድ መረጃ ማሰራጨትን ከለከለ። በጦርነት ጊዜ እንዲህ ያለ ክልከላ የትም አገር አለ፤ የሠራዊት ጉዞ ሲገለጥ የሚሞተው የድሃ ልጅ ወታደር መሆኑንም አንክድም። ሆኖም መጋቢት 2014 በመተከል ጉባ ወረዳ ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳየው ቪዲዮ ከጸጥታ ኃይሎች ስልክ ባይወጣ ኖሮ፣ መንግሥት ድርጊቱን አምኖ አጥፊዎችን እጠይቃለሁ ሊል ይችል ነበር? አይመስለንም። የወጣው ሁሉ ክህደት አይደለም፤ የተደበቀውም ሁሉ አገርን መጠበቅ አይደለም።

ስህተቱ ወደ ሌላው ሲያጋድል ምን እንደሚመጣ ደግሞ አዳማ ታውቃለች። ጥቅምት 12 ቀን 2012 ሌሊት የጃዋር መሐመድ ጠባቂዎች ቤቱን ለቀው እንዲወጡ መታዘዛቸውን ራሱ በፌስቡክ ጻፈ። ፌዴራል ፖሊስ አስተባበለ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው። በውድቅት ሌሊት በስልክ የሚሰጥ የጸጥታ ትእዛዝ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ፣ በጽሑፍ የሌለ፣ ለምን ተብሎ የማይጠየቅ ከሆነ፣ ነግቶ መንገድ ላይ የሚወጣው ወጣት የሚያምነው መጀመሪያ የደረሰውን ነው። በቀጣዮቹ ቀናት በአዳማ፣ በዶዶላና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሟቾቹ ቁጥር 86 መድረሱን ተናገሩ።

ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የሚጠራው፣ መመሪያ የሚወርደው በቴሌግራምና በዋትሳፕ ነው። "ጥብቅ ምስጢር" የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶ ተነስቶ ከሻይ ቤት ሻይ ቤት ሲዞር እናያለን። ከቦታው የተዛወረ ሠራተኛ ከግሩፑ ሳይወጣ ወራት ይቆያል። ሲግናልም ሆነ ሌላው መልእክቱን በመንገድ ላይ ይጠብቀዋል እንጂ ስልኩን የያዘውን እጅ አይጠብቅም።

በሂጅራ 8ኛው ዓመት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መካ ለመዝመት ሲዘጋጁ ጉዳዩ በምስጢር ተይዞ ነበር። ሶሓባው ሐጢብ ኢብን አቢ በልተዓ ግን ለቁረይሾች ደብዳቤ ጽፎ በአንዲት ሴት እጅ ላከ። ዐሊይ፣ ዙበይርና ሚቅዳድ ደርሰውባት ደብዳቤውን ከሹሩባዋ ውስጥ አስወጡት። ሐጢብ ሲጠየቅ አልካደም፤ መካ የቀሩት ቤተሰቦቹ የሚጠብቃቸው ወገን እንደሌላቸው ተናገረ። ዑመር አንገቱን ልምታው ሲሉ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እውነት መናገሩን መሰከሩለት፣ የበድር ዘማች መሆኑንም አስታወሱ። የሱረቱል ሙምተሒና መጀመሪያ የወረደው በዚሁ ሰበብ ነው። ጥፋቱ ጥፋት ተባለ፣ አጥፊው በፊት ለፊት ተጠየቀ፣ ምክንያቱ ተሰማ። ከ1400 ዓመት በኋላ ማን ምን እንዳለ ቃል በቃል እናውቃለን። የዋሽንግተኑ ግሩፕ በአራት ሳምንት ሊጠፋ ነበር የተዘጋጀው።

ሚያዝያ 28 ቀን 2017 በኦማን አሸማጋይነት ድብደባው ቆሟል። የሰዕዳ ቁስለኞች ግን አካላቸው ጎድሎ፣ ወደ አገር ለመመለስም ሆነ ለመታከም ከድሃ ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ እየጠበቁ ቀርተዋል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ሆነ የክልሉ መንግሥት የሟቾቹን ስም ከነትውልድ ቀበሌያቸው ለይተው ለቤተሰብ እንዲያደርሱ፣ ካሣም እንዲጠይቁ እንጠይቃለን። ከሚያዝያ 2017 ወዲህ ድምፁ የጠፋበት ልጅ ያለው ቤተሰብ ደግሞ የልጁን ሙሉ ስም፣ ከቤት የወጣበትን ቀን፣ የመጨረሻውን ጥሪ ቀንና የደወለበትን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል፤ ክፍያ የለውም። በስልክ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ከስልኩ ጋር ይጠፋልና በወረቀት ይሁን።