ስለትም ዱቤም ቃል ነው

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ብዙዎቻችን ከጅቡቲ በድሬዳዋ በኩል ወደ ቁልቢ ገብርኤል እንሄዳለን። ራስ መኮንን ለዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ ከ1888ቱ ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ዛሬም ሕዝቡ ጃንጥላ፣ ዕጣን፣ ወርቅ፣ ሰንጋ ይዞ ስለቱን ያስገባል፤ የሚሳሉ ሙስሊም ወገኖችም አሉ።

እኛ ነጋዴዎች ግን አንድ ነገር እንነጋገር። ዕቃ በዱቤ ወስደን፣ ባለዕቃው ለገንዘቡ እየተመላለሰ፣ ወርቅ ይዘን ቁልቢ መውጣት አያምርብንም። እዚህ ብዙዎቻችን የምንሠራው በወረቀት ሳይሆን በቃል ነው። እኛ ስናጥፍ ነገ ዱቤ የምትከለከለው ገና ሥራ የጀመረችው እህታችን ናት።

ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት የዱቤ ደብተራችንን እንግለጥ። ያለን እንክፈል፤ የሌለን ባለዕቃው ቤት ሄደን ቀን እንጠይቅ። ለገብርኤል ሐምሌ 19ም አለ፤ የባለዕቃው የቤት ኪራይ ግን ሐምሌን አይጠብቅም።