ለልጁ ንገሩት

የ15 ዓመት ልጅ የአጥንት ካንሰር ተገኘበት ሲባል ቤተዘመድ ፈጥኖ የሚስማማበት ነገር ቢኖር «ለልጁ እንዳይነገር» የሚለው ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ በቅርብ የማውቃቸው አንድ አባትም የምርመራውን ወረቀት ይዘው ከአዲስ አበባ እንደተመለሱ በአደራ ያሰሩን ይህንኑ ነው። «እሱ የሚያውቀው ስብራት ነው፤ አደራችሁን» አሉን። ልጁ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝቷል፤ በተገላበጠ ቁጥር አልጋው ሲንቋቋ ይሰማናል።

የአባትየው ጭንቀት ይገባኛል። መርዶን በወጉና በሰዓቱ፣ በሽማግሌ አፍ የምናረዳ ሰዎች ነን። ይህ በሽታ ግን የሚደበቅ አይደለም።

ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር በብዛት የሚነሣው ልጅ ቶሎ ቶሎ በሚያድግበት ዕድሜ፣ በተለይም ጉልበት አካባቢ ነው። ሌሊት የሚብስ ሕመም ይጀምራል፤ እብጠት ይከተላል። ከብት ሲያግድ ወይም ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው ይባልና ወጌሻ ይጠራል፤ ጉልበቱ በቅቤ ይታሻል። የዚህ ልጅ ጉልበት ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ የደም ሥሮቹ ከላይ ይታያሉ፤ ሱሪው የሚገባለት ጎኑ በመቀስ ተሰንጥቆ ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ራጅ ይነሣል እንጂ አይታሽም። ካንሰሩ ሲሰራጭ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሳንባ ስለሆነ፣ የባከነው እያንዳንዱ ወር ዋጋ ያስከፍላል።

ሕክምናው ረጅም ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት ወር ተኩል ያህል ኬሞቴራፒ፣ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያም እንደገና ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ዶክሶሩቢሲን ይባላል፤ ቀይ ነው፤ ሽንትንም ለአንድ ሁለት ቀን ያቀላል። ምንም ያልተነገረው ልጅ ደም የሸና መስሎት፣ ለእናቱም ሳይናገር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሞቱን ሲጠብቅ ይታያችሁ። ፀጉሩም ይረግፋል። ዋርዱ ውስጥ ፀጉራቸው የረገፈ ሌሎች ልጆች አሉ፤ የበሽታውን ስም ከእነሱ ይሰማል። በዚያች ቀን እናት አባቱ እንደዋሹት ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ «ይሻልሃል» ቢሉት እንዴት ያምናቸዋል?

ከሁሉ የሚከብደው የእግሩ ጉዳይ ነው። እግሩን ማትረፍ ሳይቻል ሲቀር ሐኪም ይቆረጥ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ይዘው ወደ አገራቸው የሚመለሱ አሉ። ኬሞቴራፒ ከመምጣቱ በፊት እግር ተቆርጦም ቢሆን ከአምስቱ ልጆች አራቱ ያህል አይተርፉም ነበር። ዛሬ ካንሰሩ ሳይሰራጭ ተደርሶበት ሕክምናው በሙሉ በሚሰጥበት አገር ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ይድናሉ። እግሩ የእሱ ነውና ይህን ልጁ ይስማ፤ አጎቶቹ መክረው ሲጨርሱ ውሳኔውን ብቻ የሚቀበል አይሁን።

ምስጢሩ ቤተሰቡንም ብቻውን ያስቀረዋል። ከነገሌ እስከ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከከዱበት ከዚያ ድርቅ በኋላ ብዙ ቤት ለመንገዱና ለሕክምናው የሚሸጥ ከብት የለውም። ቦረና ግን የተቸገረውን በጎሳው የሚያነሣበት ቡሳ ጎኖፋ አለው፤ በተደበቀ በሽታ ቡሳ ጎኖፋ እንዴት ይጠየቃል? አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ሐዘናቸውን አደባባይ አውጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ አቋቁመዋል። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትም ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕሙማን ልጆችና ወላጆቻቸው አዲስ አበባ ውስጥ ማረፊያ ይሰጣል። እነዚህን በሮች የሚያንኳኳ ግን የልጁን በሽታ በስሙ መጥራት አለበት።

እናት አባቶች ሆይ፣ ለሕክምና ከመሣፈራችሁ በፊት ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ንገሩት። ካለቀሰ አብራችሁት አልቅሱ። ሐኪሙ ዘንድ ስትገቡም ይዛችሁት ግቡ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እሱ ይጠይቅ።